ቀስ ብሎ የሚተኛ መኪና

አሮጊቷ እዚያው ፊቱ ቆማ፣ ዓይኗም ጆሮዋም በቦታቸው እያሉ፣ መኪናውን ያመጣው ሾፌር ስለ እሷ የጠየቀው ልጇን ነው። «መኪናውን የሚፈትሹልን እኚህ ናቸው?» አለና ሳቅ አለ። ጥግ ላይ ስለተጣለ አሮጌ ጎማ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። መካኒኩ ልጇ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ «አዎ» ማለት ሲገባው እጁን በጨርቅ መጥረግ ያዘ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጨንቀው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ያን ጊዜ ጨርቁ የእሷ ቀሚስ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «ለእኔ ብትነግረኝ አልነክስህም፤ ጥርሴ አልቋል።»

ሾፌሩ ቆቡን ከፍ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀ። ሳቁ ግን ከከንፈሩ ጥግ አልወረደም። እሷም አየችው፣ በሆዷም ያዘችው።

ይህ ጋራዥ መኪና ከፍ ያደርጋል። ድንጋይ የሚዘል፣ ወንዝ የሚሻገር፣ ጭቃ የማይውጠው መኪና የሚፈልግ ሁሉ እዚህ ይመጣል። ከፍ ማድረጉንስ ማንም ያደርገዋል፤ ከፊት ረዥም ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ የሚባለውን ወፍራም ድርብርብ ብረት መግጠም ነው። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። እንዲያ የተሠራ መኪና ወንዙን በሰላም ይሻገርና ተሳፋሪውን አንጀቱን አፍርሶ ያወርደዋል። ከፍ ብሎም የሚመች መኪና የሚሠራው ይህ ጋራዥ ብቻ ነው ይባል ነበር። ይህ ስም ደግሞ የመጣው ከአሮጊቷ ወገብ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሟች ባሏ ጊዜ ነው። ሰውየው ብረት ቀጥቅጦ ባሌስትራ የሚያወጣ፣ ቃል የሚቆጥብ፣ እጁ የሚናገር ሰው ነበር። እሷ በወጣትነቷ ከጋሪ ወድቃ ወገቧን ተጎድታለች፤ ትንሽ ከተናጠች ያማታል። ባሏ አንድ መኪና ሠርቶ በጨረሰ ቁጥር ኋላ ያስቀምጣትና ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ቦርቧራ መንገድ ይወስዳታል። «አመመኝ» ካለች መኪናው ተመልሶ ይፈታል። ዝም ካለች ለባለቤቱ ይሰጣል። ሰው እየሳቀ «እማማ ሚዛን» አላት፣ ስሙ ግን ተለጥፎ ቀረ፤ እሷም አልጠላችውም። ፊደል አልቆጠረችም፣ መሪ ጨብጣ አታውቅም፣ ነገር ግን ወገቧ እሺ ያላለው መኪና ከዚያ ግቢ ወጥቶ አያውቅም። ባሏ ሲሞት ልጁ ቁልፉንም መዶሻውንም እሷንም ወረሰ።

የዚያን ቀኑ መኪና የክሊኒክ ነበር። ሴቷ ልጇ ነርስ ናት፤ በዚህ መኪና ተራራው ላይ ወጥታ ምጥ የጠናባትን፣ እግሩ የተሰበረውን፣ ትኩሳት የጣለውን አጋድማ ታወርዳለች። ባለፈው ክረምት ወንዙ በበሩ ገብቶ በሽተኛዋን ከነአልጋዋ አርጥቧታል፤ ስለዚህ መኪናው ከፍ ይበል ተባለ። ነርሷ በበኩሏ ወንድሟን አደራ ብላዋለች፤ የሚጋደመው በሽተኛ ነውና ከፍ ብሎ የሚንጥ ከሆነ ባይነካ ይሻላል ብላዋለች። መንገዱን አሮጊቷ ታውቀዋለች። በአንድ በኩል እንደ ግድግዳ የቆመ ዐለት ነው፤ በሌላው በኩል ምንም የለም። ምንም ሲባል ምንም ነው፤ ይዞ የሚያስቀር ቁጥቋጦ እንኳ የለም። ልጅቷ በዚያ መንገድ እየተመላለሰች ስታድር እናት ደግሞ ጆሮዋን ወደ በሩ አድርጋ ታድራለች። ስለዚህ ይህን መኪና እንደ ሌላው ሰው መኪና አልቆጠረችውም።

ለመውጣት በርጩማ ቀረበላት፣ ያን ያህል ከፍ ብሏል። ልጇ መሪውን ያዘ፣ ሾፌሩ ከጎኑ ተቀመጠ፣ እሷ በሽተኛ በሚጋደምበት አልጋ ጠርዝ ላይ ሆነች። የጡብ ፋብሪካው መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ እያንዳንዱን እንደ ክፉ ጎረቤት ለይታ ታውቀዋለች። የመጀመሪያው ሲደርስ እንደ ልማዷ ድዷን ገጥማ ጠበቀች።

ምንም አልመጣም። መኪናው ጉድጓዱ ላይ እንደ ትራስ ተኝቶ አለፈ። ቀጣዩም እንዲሁ። ሰው ሲያስነጥስ እንኳ የሚያመው ያ ወገብ ድምፁን አጠፋ። ውኃ ላይ የተቀመጠች መሰላት።

ሾፌሩ በደስታ ጭኑን መታ። ከእንግዲህ ለጉድጓድ ብሎ ፍጥነት የሚቀንስ ሞኝ እንደሆነ፣ ተራራውን ወጥቶ የሚወርደው ቡናው ሳይቀዘቅዝ እንደሆነ አወራ። ልጇ ሳቀለት። እሷ አልሳቀችም፤ ወፍጮ ቤቱ ጋ የሚታጠፈው መንገድ እየመጣ ነበር።

እዚያ ላይ አንድ ነገር ሆነ። መኪናው ሲታጠፍ አሮጊቷ ከአልጋው ጠርዝ ወደ ጎን ተንሸራተተች። መንሸራተቷስ ይሁን፤ መታጠፊያው አልቆ መንገዱ ቀጥ ካለ በኋላም መኪናው ገና እንደተጋደመ ነበር። ከዚያ በራሱ ጊዜ፣ ማንም እንዳልጠራው ሁሉ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ። ሆዷ ውስጥ ብርድ የመሰለ ነገር ገባ።

ልትናገር አፏን ከፈተች። በመስታወቱ ውስጥ ግን የሾፌሩ ዓይን ያያት ነበር፣ ያች ሳቅም እዚያው ጥጓ ላይ ናት። «እንዴት ነው እማማ፣ ተመቸዎት?» አላት። ወገቧ አላመማትም። ሚዛኑ ደግሞ ወገቧ ነው፤ ሆድን ማን ጠየቀው። «ከአልጋዬ ይሻላል» አለች። ልጇ በረጅሙ ተነፈሰ። መኪናው ፈተናውን አለፈ፤ በነጋታው ሊሄድ ግቢው መሐል ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በተራራው በኩል ጠቆረ። ዝናቡ አልጀመረም፣ አየሩ ግን ቀጥ ብሎ ነበር፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ እንኳ አይነቃነቅም። የጎረቤት ውሻ ያለ ምክንያት ጮኸና ያለ ምክንያት አቆመ። አሮጊቷ ነፋሱ ሳይመጣ ቲማቲሟን ልታስር ወደ ጋራዡ ጀርባ ዞረች።

ቲማቲሙ በብረት ተደግፎ ነው የሚያድገው። ብረቶቹን የሚያመጣላት ልጇ ነው፤ «ለቲማቲምሽ» እያለ በየጊዜው አንድ አንድ ይተክልላታል። እንዲህ ያለ አሳቢ ልጅ የትም የለም ብላ ጎረቤት ላይ ኮርታበታለች። ብረቶቹ የአውራ ጣት ውፍረት አላቸው፣ ረጃጅሞች ናቸው፣ ጫፎቻቸው ወደ አንድ ጎን ይታጠፋሉ። ክር እየጠመጠመች ሳለ እጇ የአንዱን እጥፋት ዳሰሰ። ቀጥሎ የሌላውን ዳሰሰ። ከዚያ እጇ ቆመ።

እነዚህን ታውቃቸዋለች። ባሏ ከመኪና ሥር ተኝቶ «ያንን አግዳሚ አቀብዪኝ» ሲላት ስንት ጊዜ አቀብላዋለች። የግራውን ጎማ ከቀኙ ጋር የሚያያይዘው ብረት ነው። መኪናው በመታጠፊያ ላይ ወደ አንድ ጎን ልጋደም ሲል ይህ ብረት ይጠመዘዝና ጨምድዶ ይይዘዋል። አንዱ ጎማ ብቻውን ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ሌላውንም ጎትቶ ይንጠዋል፤ ወገብ የሚያሳምመውም ለዚህ ነው። ባሏ ግን ለማንም ወገብ ብሎ አውጥቶት አያውቅም፣ ለእሷም ጭምር። ይህ ብረት የሌለው መኪና ሰካራም ነው ይል ነበር፤ ከፍ ያለ ሲሆን ደግሞ ገደል ዳር የቆመ ሰካራም።

ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። ቲማቲሙ ብዙ ነው። ከእያንዳንዱ ተክል ጀርባ አንድ መኪና ቆሞ ታያት።

የደን ጠባቂዎቹም መኪና ከዚሁ ግቢ ነበር የወጣው። ባለፈው በጋ ተገልብጦ አንዱ ሞተ፣ የሚነዳው ክንዱን አጣ። ሰው ሁሉ ሾፌሩ እንቅልፍ ወስዶት ነው አለ፤ ጠጥቶ ነው ያለም አልጠፋ። ክንዱን ያጣውን ያስታመመችው ነርሷ ልጇ ናት። አንድ ቀን እራት ላይ ስታወራ፣ ሰውየው ነጋ ጠባ አንድ ነገር እንደሚደጋግም ነግራቸው ነበር፤ መኪናው አልዘለለም፣ አልተንገጫገጨም፣ የደከመው ሰው ጋደም እንደሚል ቀስ ብሎ ተኛ ይላል ብላ። ጭንቅላቱን ሳይመታው አልቀረም አለች። አሮጊቷም ከንፈሯን መጠጠችና እራቷን በላች። አሁን ቲማቲሙ መሐል ቆማ ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ የዚያም መኪና ወንበር ውኃ ይመስል ነበር።

ልጇ ከአንድ አሮጌ መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ አገኘችው። የጫማውን ሶል በዱላዋ አንኳኳች። ወጣ፣ ፊቷን አየ፣ እጁም ወዲያው ጨርቅ ፍለጋ ሄደ። ጨርቁን ቀድማ አነሣችው።

አግዳሚዎቹን ለምን እንዳወጣ ጠየቀችው። መጀመሪያ ዙሪያውን ዞረ፤ ከፍ ሲል ማያያዣው ያጥራል፣ ደንበኛው ይቸኩላል፣ ማውጣቱ ይቀላል አለ። ጨርቁን አልሰጥ ስትለው ጊዜ እውነቱ ወጣ። አንድ መኪና ስትፈትሽ አመመኝ ብላ መለሰችው። ባሌስትራውን አሳሳ፤ መለሰችው። ንጠቱን የሚያበርደውን አሞርዛተር ለወጠ፤ እያለቀሰች መለሰችው። ባለመኪናው በር ላይ ቆሞ ይነጫነጫል። አግዳሚውን ሲያወጣው ዝም አለች። በሚቀጥለውም መኪና እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ወዲያ መኪና በገባ ቁጥር አስቀድሞ እሱን መፍታት ልማድ አደረገው። ደንበኛው ሁሉ መረቀው፤ ከፍ ብሎ እንዲህ የሚመች መኪና የት ይገኛል አሉ።

«አባትህ ሲሠራ ብረቱ ውስጡ ነበር። እኔም አልጮህኩም።»

«ያኔ ወገብሽ ደህና ነበር።»

«አሁንስ?»

ልጇ በእጇ ያለውን ጨርቅ አየ።

«አሁንስ አልኩህ?»

«አሁን ወንበር ላይ ስትቀመጪም ትጮሂያለሽ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ለአንቺ? ለአንቺ ማን ደፍሮ ይነግራል?»

ሊያስቀይማት ፈልጎ የተናገረው አልነበረም፤ ልጅየው የምሩን ነው። እሷም አወቀችው፤ ለዚህ ነው እንደ ልማዷ ምላሷን ያልመዘዘችው። ወገቧ ከዓመት ዓመት ሲከፋ ጋራዡ ተከትሎት ወርዷል። እሷ በታመመች ቁጥር መኪናው ለሰለሰ፣ በለሰለሰ ቁጥር ተጋደመ። ሁሉም በእሷ ይመዝናል፣ እሷን ግን የመዘነ የለም። እንዳትመዘንም ያደረገችው ያች ምላስ ናት።

የግቢው በር በኃይል ተከፈተ። ነርሷ ቦርሳዋን አንግታ፣ ነጠላ ጫማዋን በሥራ ጫማ ሳትለውጥ ነው የመጣችው፤ ሾፌሩም ከኋላዋ ነው። ከተራራው ተደውሎ ነበር። አንዲት ሴት ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት፣ ፅንሱ አልዞረም፤ ነገ የሚባል ነገር የለም፣ አሁኑኑ መውጣት አለባቸው። ሾፌሩ ቁልፉን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ሰማዩ ከጀርባቸው አጉረመረመ።

አሮጊቷ ለማንም ሳትናገር ወደ መኪናው ሄደች። በርጩማውን አስጠግታ፣ እያቃሰተች ወጣችና አልጋው ላይ ተቀመጠች። ማንም እንዳይከተላት በርጩማውን ስባ ወደ ውስጥ አስገባችው። እነሱ ያለ በርጩማ መውጣት እንደሚችሉ አላሰበችም።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ውረጂ» አለች ነርሷ። «ሴትዮዋ ትሞትብኛለች።»

«በዚህ ከሄድሽ አንቺ ትቀድሚያታለሽ።»

ሾፌሩ በትሕትና ጀመረ፤ ጠዋት ከአልጋዬ ይሻላል ያሉት እርስዎ አይደሉም ወይ አላት። ልክ ነው፣ እሷ ናት። አልካደችም። ጠዋት ያልኩትን ተወውና መኪናውን በአንድ እጅህ ከጎኑ ግፋው አለችው። ሾፌሩና ነርሷ ተያዩ። ነርሷ በምልክት ግፋላትና ትውረድልን አለችው።

ገፋው። ብዙም አልበረታም፤ ጣሪያው ሥር መዳፉን አሳርፎ ጫን አለ። ያ ሁሉ ብረት፣ ከነአሮጊቷ፣ ተጋደመ። እጁን ሲያነሣ ተመለሰ፣ ግን በቦታው አልቆመም፤ አልፎ ወደ ሌላው ጎን ሄደ፣ ከዚያ ደግሞ ወደዚህ መጣ። ድምፅ አልነበረውም። ቢንሿሿ፣ ቢጮህ ይሻል ነበር። አሮጊቷ ውስጡ ሆና አብራ ትወዛወዛለች፣ ዓይኗንም ከሾፌሩ ላይ አልነቀለችም። ጥግ ላይ የነበረችው ሳቅ ጠፍታለች።

«እኔ ይኼን ይዤ ነው…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ወደ ተራራው አየ። ዳገቱ ላይ ዝናቡ እንደ ግራጫ መጋረጃ መውረድ ጀምሮ ነበር።

ነርሷ ቦርሳዋን መሬት ላይ አኖረች። «ቀስ ብሎ ተኛ» አለች፣ ለራሷ። ወዲያው ወደ ወንድሟ ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረውን አሮጊቷ ከላይ ሆና አየችው፤ ክንዱን ያጣውን ሰውዬ ጭንቅላቱን ተመትቶ ነው ያለችበትን ቀን ነው ልጅቷ ያየችው። ምን ያህል ይፈጃል ብላ ወንድሟን ጠየቀችው። እሱ ማያያዣውን ቆርጦ በብየዳ ማስረዘም እንዳለበት፣ ከፈጠነ ወንዙ ሳይሞላ እንደሚደርሱ፣ ከዘገየ ግን እንደማይደርሱ ነገራት። ሌላ መኪና የለም። ወዲያ ምጥ፣ ወዲህ ገደል፣ መሐሉ ላይ ዝናብ።

«እና ደግሞ» አለ መካኒኩ፣ እናቱን ሳያይ፣ «ብረቱ ሲገባ ይንጣል። በሽተኛዋ ይሰማታል። አንቺም… እማዬ፣ ትጮሂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች አሮጊቷ።

የዚህኛው መኪና አግዳሚ ገና የጋራዡ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነበር። ሁሉም ወደዚያ አዩ። አሮጊቷ የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ጨበጠች።

«አምጣና ግጠም» አለችው ልጇን። «እኔ ከዚህ አልወርድም። ስትጨርስ እኔን እንደጫንክ በወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ታዞረኛለህ። እጮሃለሁ። እሰድብሃለሁ፣ የአባትህን አጥንት ጠርቼ እረግምሃለሁ። እንዳትሰማኝ። የምትሰማው መኪናውን ነው፤ ሲታጠፍ አብሮህ ከታጠፈ፣ ቀጥ ስትል ቀጥ ካለ፣ ያን ጊዜ አውርደኝና እህትህን ጫን። ለሴትዮዋ ፍራሽ ደርቡላት፣ ትችለዋለች። ከእኔ የባሰ ነው የያዛት፣ የወገብ ነገር ትዝም አይላት።»

ልጇ ብረቱን ለማንሣት ሲሮጥ ስሙን ጠርታ አስቆመችው። ዝናቡ የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች ጣሪያው ላይ ጣለ።

«እህትህ እንደሄደች ስልክህን አንሣ። ከዚህ ግቢ ያወጣሃቸውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ደውልላቸው። ዝናብ ላይ ያሉትን እዚያው አቁሙ በላቸው። ለምን ሲሉህ አትንተባተብ፣ ደንበኛ ይቀራል ብለህም አትፍራ። ለእኔ ያልነገርከኝን ለእነሱ ንገራቸው፤ እናቴ አርጅታለች፣ መኪናችሁን መልሱ በላቸው።»